ጣቴ ዛሬ ተነበበ፣ ይበልጣል

«ሞተ» አለችኝ የጽሕፈት ቤቱ ልጅ።

«ማን?»

«ይበልጣል።»

«ውሸትሽን ነው! ባለፈው ሳምንት በደጄ ሲያልፍ በዓይኔ አይቸዋለሁ» ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ግን ታለቅስ ነበር። እስካሁን ጆሮዬን አላመንሁትም።

ፊደል አልቆጠርሁም። እየተናገርሁ ስልኳ ላይ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ቃሌን እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይበልጣል የጎጃም ልጅ ነው። እዚህ መተማ ዮሐንስ ላይ ሰውን ለአዲሱ የኮምፒውተር መታወቂያ የሚመዘግብ እሱ ነበር። የቆላው ሙቀት ፊቱን በርበሬ አስመስሎት፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ነው የሚውል።

የመሬት ደብተራችሁ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባልን። ያለ መታወቂያው ደግሞ ስም አይገባም። እኔ መሬቴን ጫካ መንጥሬ ያቀናሁ ሰው ነኝ። ስሜ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ካልገባ፣ ነገ አንዱ መጥቶ «አንተ ማን ነህ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

የመጀመሪያው ቀን ጉዴን አገር ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረምሁት በአውራ ጣቴ ነው። ቀለም ማስነካት፣ ወረቀቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማተም፣ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ የማኅተም ቀለም አየሁ። ማን ይንገረኝ ብዬ፣ ጣቴን ነክሬ ያንን የሚያበራ የማሽን መስታወት ተጫንሁት። መስታወቱ ሰማያዊ ሆነ። የተሰለፈው ሁሉ አውካካ።

ይበልጣል አልሳቀም። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና «አባባ፣ ይህ ቀለም አይፈልግም። የሚፈልገው እርስዎን ብቻ ነው» አለኝ።

እጄን ታጥቤ ሞከርሁ። እምቢ። በሌላው ጣት። እምቢ። አሥሩም እምቢ።

«ገና አልተዋወቃችሁም» አለኝ።

ይቺ የሱ ቃል ናት። የማንም ጣት አልነበብ ሲል ሰውየውን አያዋርድም። «ገና አልተዋወቃችሁም፤ ይመለሱ» ነው የሚል።

«ቆይ፣ ጣት ለምን አስፈለገ?» አልሁት።

«ወረቀት ይፋቃላ! አንድ መሬት በሁለት ሰው ስም ሲወጣ አላዩም? ጣት ግን አይፋቅም፣ አባባ።»

«ሰሊጥ አጭደህ አታውቅማ!» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። የወንዝ ድንጋይ ነው የሚመስል፣ መስመር የሚባል የለበትም። ያዘና አገላብጦ አየው።

ከዚያ ወዲህ ነው የአጨዳ ወር የቀን ሠራተኛውን ጣት እንደሚበላው ያጤነ። አጨዳ ሳይጀመር ማሽኑን በካርቶን ጠቅልሎ፣ የትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ፣ እስከ እርሻ ካምፑ ድረስ ይሄድላቸው ጀመር። ለእኔም መድኃኒት አዘዘልኝ፦ ማጭድ እንዳልነካ፣ ጠዋትና ማታ እጄን የሰሊጥ ዘይት እንድቀባ።

«ጣቴን የበላው ሰሊጥ አሁን ሊመልስልኝ ነው?»

«ይመልሳል» አለ፤ ቆፍጠን ብሎ።

ሁለተኛ ሄድሁ። ሲስተም የለም። ሦስተኛ ሄድሁ፣ ማሽኑ እምቢ አለ። ደከመኝ። በስንቱ መንግሥት በር ቆሜያለሁ! ወረቀት አምጣ ሲሉኝ፣ ማኅተም አምጣ ሲሉኝ፣ ምስክር አምጣ ሲሉኝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ጣት አምጣ። «በቃ፣ የልጄን ጣት ውሰድና ገላግለኝ» አልሁት።

«አይሆንም። ያኔ መሬቱ የእሷ ይሆናል። መዝገቡ ላይ እርስዎ የሉም ማለት ነው።»

«ትናንት የመጣህ ደገኛ፣ ባቀናሁት አገር የለህም ትለኛለህ?» ብዬ ጠረጴዛውን በከዘራዬ መታሁት። ሌላም ተናግሬያለሁ፤ ልጄ እንዳትጽፈው። ከዘራው ከእጄ ወደቀ። አንሥቶ ሰጠኝና እስከ ባጃጁ ሸኘኝ። ደህና ዋል እንኳ አላልሁትም።

ባለፈው ሳምንት ማሽኑን ታቅፎ፣ ትራክተር ላይ ሆኖ በደጄ ሲያልፍ እጁን አነሣልኝ። እኔ እጄን አላነሣሁም። ዘይቱን ግን አላቋረጥሁም።

ዛሬ ጠዋት ሄድሁ። ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ጣቴን አስቀመጥሁ። ወዲያው አረንጓዴ በራ። አሥሩም፣ አንድ ሳይቀር! «ጥሪልኝ ያንን ደገኛ! ይምጣና ይይ!» ብዬ ጮኽሁ።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ወባ ነው። ካምፑ ላይ ትኩሳት ሲይዘው «የተሰለፉትን ልጨርስ» ብሎ ሁለት ቀን ዋለበት። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረፈ። ደስታዬን አፌ ውስጥ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ይበልጣል፣ እኔ ይቅርታ መለመን አላውቅበትም። አባቴም አያውቅበትም ነበር። ግን ስማኝ። ስሜ ገብቷል። መሬቴ በእኔው ጣት የእኔ ሆኗል። ሰሊጥ የበላውን መልሷል፤ እውነትህን ነው። ከዚያ ማሽንህ ጋርም ተዋውቀናል።

ከአንተ ጋር ነው ሳንጨርስ የቀረነው።

አሁን ወደ አገርህ የሚወስድህ መኪና በደጄ ያልፋል አሉኝ። መንገዱ ዳር ወጥቼ ቆሜያለሁ። ያን ቀን የነፈግሁህን እጅ ዛሬ አነሣልሃለሁ፤ ዘይቱም ገና አልደረቀም።

ደህና ግባ፣ ልጄ።