በበርጫ ሰዓት የምታንኳኳዋ

ቤት ለቤት ሴቶችን እየጠየቀች የምትዞረውን ሴት፣ ሰፈራችንን ለአንድ ቀን መዞር የሚያስወጣት የባጃጅ ሒሳብ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃና የጎረቤት ሁሉ ግልምጫ ነው። በግልምጫው እኔም አለሁበት። የሴቶችን መብትና ፍትሕ የሚያጠኑ ሰዎች ልከውኝ ነው ትላለች፤ ግን የምታንኳኳው ሰፈራችን ከዚራ ጭር ሲል፣ ወንዱ ሁሉ ጫት ሊቅም በርጫ ላይ ሲቀመጥ ነው።

"አቦ፣ ደህና ሰው በዚህ ሙቀት ይዞራል? ሰላይ ናት!" ትላለች ጎረቤቴ ዋርሳን።

ትናንት እኔ ቤት ገባች። ጫማዋን አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ አወለቀች። ወንበር ብሰጣት ትታው፣ የጓዳውም የውጭውም በር የሚታይበት ጥግ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሻርፗ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው።

"ባል ሚስቱን ቢመታ መጀመሪያ ለማን ትናገራለች? ለሽማግሌ ነው ለፖሊስ..." እያለችኝ ባለቤቴ ጓደኞቹን በርጫው ላይ ትቶ ውሃ ሊወስድ ብቅ አለ። እሷ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ "...ልጅሽስ ክትባቱን ጨረሰ?" አለችኝ።

እሱ ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ፣ "እንዲህ ወሬ መቀየር የት ለመድሽ?" አልኳት።

"እቤቴ" አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ።

አሁንም ሙሉ በሙሉ አመንኳት አልልም። ስለሷ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት ግን ለእናንተ ለምታነቡት መልእክት ሰጠችኝ፦ "ብትጠረጥሩኝም ጠርጥሩኝ፣ በር ብትዘጉብኝም ዝጉ። አንዷ ያለችኝ ወሬ ሆኖ ባሏ ጆሮ ከገባ ግን ጦሱ ለሷ ነው። እባካችሁ፣ ጎረቤታችሁን ምን ብለሽ መለስሽላት ብላችሁ አትጠይቋት።"