ከእንስራው ሥር ያደሩ ጠርሙሶች

ወራሪው ጦር የዘሪቱን መንደር ያቃጠለው በ1930 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነበር። ባሏ ፈንታ በሬዎቹን ሊያወጣ በረት ገብቶ ቀኝ እጁ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ተቃጠለ። በሬዎቹ ተረፉ፤ የንብ ቀፎዎቹ ግን ነደዱ።

ባልና ሚስቱ ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ዘመድ ጎጆ ተጠጉ። ዘሪቱ ከእሳቱ በማሰሮ ባወጣችው ማር የእናቷን የቃጠሎ ቅባት ሠራች፦ ማር፣ ሰምና የኑግ ዘይት፣ እንደ እርጎ የሚፈስ። ሁለት ቅል ሞላ። ሌላ ማር የሚገኘው ዲማ ካለው ወንድሟ ነው፤ እሱም ግንቦት ሲቆርጥ። እስከዚያ ቅባቱ ካለቀ ወይም ከተበላሸ የፈንታ ጣቶች እንደተጨመደዱ ይቀራሉ፤ የማረሻ እርፍም አይዙም።

አንዱን ቅል ሳትሞላው በፊት እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጥናው ነበር፤ አይጥ እንዳይደርስበትም ከምድጃው በላይ ሰቀለችው፤ ሁለተኛውን ከጎጆው ጥግ አቆየችው። በስምንተኛው ቀን ስትከፍተው ዘይቱ ለብቻው ተንሳፍፏል፣ ሰሙ ከታች ተጣብቋል፣ ሽታውም ተለውጧል።

ፈንታ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «በዚህ ከቀባሽኝ ጅብም ይሸሸኛል።»

«ዝም በል! እጅህን ስጠኝ አልኩ እንጂ አፍንጫህን መች ጠየቅሁ?» አለችው። ግን ቅባቱን ደፋችው፤ ስትደፋውም አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት የደብረ ማርቆሱ ነጋዴ አብዱልቃኒ ጨውና ሽቶ በበቅሎ ጭኖ መጣ። ቅሉ የተሰቀለበትን አሳየችው።

«ዘሪቱ እኅቴ፣ ሽቶዬን እዚህ ብሰቅል ኖሮ ይኼኔ ለማኝ ነበርሁ» ብሎ ሳቀ።

«የት ላድርገው ታዲያ፣ አያ አብዱልቃኒ?»

«እሳት አይቅረበው፣ ፀሐይ አይየው፣ ንፋስ አይግባው። ቦታውን አንቺ ፈልጊ፤ ቤቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።» ከኮርቻው ከረጢትም አራት ቡናማ ባዶ ጠርሙሶች አውጥቶ ሰጣት።

ዘሪቱ ጠርሙሶቹን ቀቅላ፣ አፋቸውን ደፍታ አደረቀቻቸው። ከዚያ ያደረገችው እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከግድግዳው፣ ከመደቡ፣ ከወለሉ እያስጠጋች የጎጆውን ቅዝቃዜ ፈለገች። ያገኘችው ውሃ ከሚያዣው እንስራ ሥር ነው። እዚያ ጉድጓድ ቆፈረች፣ አሸዋ ነሰነሰች፣ ሁለተኛውን ቅል ወደ ጠርሙሶቹ ገልብጣ አፋቸውን በሰም ደፈነች፤ እስከ አንገታቸውም ቀበረቻቸው። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ጣት መንከርም ክልክል ነው፤ በቀንድ ማንኪያ ላይ አፍስሳ ትቀባዋለች።

«እንደ ጽላት አደረግሽው እኮ፤ እኔ ባለ ቁስሉ እንኳ አልነካውም?» ይላል ፈንታ።

«አንተማ በጭራሽ!»

ሚያዝያ በሙቀቱ መጣ። ሁለተኛው ጠርሙስ ሲከፈት ቅባቱ እንደተሠራበት ቀን ነጭ ነበር፤ የሰም ሽታው ጎጆውን ሞላው። ሦስተኛው ሳይጋመስ ቁስሉ አዲስ ቆዳ አወጣ፤ ስስ፣ የሕፃን ከንፈር የመሰለ። በግንቦት መጨረሻ ፈንታ እርፍ ጨብጦ አንድ ትልም አወጣ፤ ሁለተኛውንም። ዘሪቱ ከማሳው ዳር ቆማ ጣቶቹን ብቻ ታያለች።

ማታ እግሩን እያሻሸ፣ «ተረከዜ ተሰነጠቀ፤ ከቀረው ትንሽ ጣል አድርጊልኝ» አላት።

አራተኛው ጠርሙስ ሳይከፈት አሸዋው ውስጥ እንደተደፈነ ነው። ዘሪቱ እንስራውን ቀና አድርጋ ተቀመጠች።

«እሱ ለተቃጠለ ሰው ነው» አለችው። «አንተ ድነሃል።»