ቄስ ገበየሁ ያላዩት ኮከብ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ላምበረት

ገና አልነጋም። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ውስጥ ያለነው ግን አራት ነን። ትራይፖዴን፣ የካሜራዬን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። ከላይ ይጫን ብሎ ሦስት ጊዜ ተከራክሮኝ አልሆነለትም።

«ለመሆኑ ምን ልታነሺበት ነው?» አለኝ ሲሰለቸው።

«ኮከብ።»

«አዲስ አበባ ኮከብ የለም?»

«የለም» አልኩት። አልዋሸሁም። ሰፈሬ ያለ አንድ ሕንፃ የማስታወቂያ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩን ሐምራዊ ሲቀባው ያድራል። ጨረቃን እንኳ ፈልጌ ነው የማገኛት።

የእንጀራ ሥራዬ ሠርግ ማንሳት ነው። ሙሽሪት ቀና በይ፣ ሚዜ ጠጋ በል ስል እውላለሁ። ልቤ ያለው ግን ጅራታም ኮከብ ላይ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ከንጋት በፊት በምሥራቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ነይ ብለው የጠሩኝ ቄስ ገበየሁ ናቸው። ቄስ ገበየሁ የአክስቴ የደብሪቱ ባል ናቸው፤ እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። መንዝ ማማ ውስጥ፣ ከሞላሌ አንድ ሰዓት በእግር በምታስኬድ ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው እሑድ ደወሉልኝ።

«ሬዲዮው ጅራታም ኮከብ ወጥቷል ይላል። አንቺ ታውቂበታለሽ። ነይና አሳዪኝ፤ ሳላየው እንዳልሞት።»

ሰውዬው እኔን ምንም ነገር ለምነው አያውቁም። እኔ ቅዳሜ ሠርግ ይዣለሁ፤ ኮከቡም ከዓርብ በኋላ ወደ ፀሐይ ተጠግቶ ከዐይን ይሰወራል። ያለን ሦስት ንጋት ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ከረፋድ እስከ ምሽት

ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችን። መናኸሪያው ጥግ ሦስት የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር በሃምሳ ብር ገዝቼ፣ ግማሹን ለመብላት ግማሹን እጄን ለማሞቅ ተጠቀምኩበት። ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ቅጥቅጥ ያዝኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ወደ መዘዞ ከታጠፍን በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። ገብሱ አሽቷል፣ በጎቹ ታጥበው የተሰጡ ይመስላሉ፣ የድንጋይ ካቦች፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ሰማያዊ ጀሪካን የጫኑ አህዮች።

ሹፌሩ ስለ ትራይፖዱ ጠይቆኝ ነገሩን ሲሰማ ጮኸ።

«አይቼዋለሁ እኮ! ጅራት ያለው አይደል? ባለፈው ሌሊት ስነሣ ፊት ለፊቴ ቆሟል። የዚያን ዕለት ጎማ ፈነዳብኝ።»

«ጎማህ ባለፈው ዓመትም ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ በኮከብ አታላክክ!» አሉ ከኋላ አንዲት እናት። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ቄስ ገበየሁ ሞላሌ መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዘው ይጠብቁኛል። ከስተዋል። መስቀል አሳለሙኝ፤ ትራይፖዱን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። መንገዱን ሁሉ ስለ ገብስ አወሩ፣ ስለ ማዳበሪያ አወሩ፣ ስለ ኮከቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ቤቱ እንደ ድሮው ነው። የአክስቴ ነጠላ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ማንም አላነሣውም፤ እኔም ላነሣው አልደፈርኩም። እሳት ዳር የባቄላ እሸት እየጠበስን ስንበላ ነው የተናገሩት።

«አንቺ ሕፃን ሳለሽ አንድ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ወጥቶ ነበር። ደብሪቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አየችውና ደስታዋ ልክ አጣ! እኔ ወጣት ካህን ነበርሁ፤ ምን አውቃለሁ? የጦር ምልክት ነው፣ መዓት ነው፣ አፍጥጠሽ አትዪው አልኋት። በማግስቱ ለኪዳን ስነሣ ደጅ ቆማ አገኘኋት። ‹ግቢ!› ብዬ ጮህሁባት። ገባች። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ። ዳግመኛ ስለሱ አላነሣችብኝም።»

አንድ እሸት ፈለፈሉ፤ አልበሉትም።

«ታማ ተኝታ ሳለች፣ ሊያልቅላት ሲል፣ ‹ያ ኮከብ እንዴት ያምር ነበር› አለችኝ። ስንት ዓመት አልፎ! አንድ ሁለት ቀን ብቻ ያየችውን ነገር ይዛ ኖራ። እኔ ነኝ የነጠቅኋት። ምን እንደነጠቅኋት ልየው ብዬ ነው የጠራሁሽ።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ያን ጊዜ እናቴ መንታ ወልዳ ስለነበር እኔ በሰባት ዓመቴ እዚህ ቤት ነበርኩ። ቄስ ገበየሁ በር ዘግተው ሲወጡ አክስቴ ቀስ ብላ ትቀሰቅሰኝና ከገብሱ ክምር ጀርባ ሄደን እንቀመጣለን። በማግስቱም፣ በሠልስቱም፣ ከዚያ በኋላም በየቀኑ። «ለቄሱ ትነግሪና!» ብላ በማርያም አስምላኛለች። ጅራታም ኮከብ ያስወደደችኝ እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ አንዱን ባየሁ ቁጥር የምፈልገው ጎኔ የነበረውን ትከሻዋን ነው። በጣም ትናፍቀኛለች።

ታዲያ ምን ልበላቸው? ብነግራቸው ከጸጸታቸው ይገላገላሉ፤ ግን ሚስታቸው ዕድሜ ልኳን የደበቀቻቸው ነገር እንዳለ ያውቃሉ። መሐላውም አለ። እሸቴን በላሁና ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል

ደወሉ ቀሰቀሰኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ምሥራቁ ወለል ያለ፣ ከታች የቆላው መብራት የሚታይበት። ዛሬ ግን የገዛ እጄም አይታየኝም። ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ጥዱን ሁሉ ውጦታል። ከግድግዳው ወዲያ ቄስ ገበየሁና ዲያቆኑ ኪዳን ያደርሳሉ።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ኮከቡ ከአድማስ ብቅ የሚለው 11 ሰዓት ግድም ነው፤ 11 ተኩል ሲሆን ንጋቱ ያጠፋዋል። ኪዳን ደግሞ 10 ተኩል ይጀመርና የሚያልቀው ልክ ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ካህን ወደ ከተማ ከሄዱ ወዲህ የሚተካቸው የለም። ቄስ ገበየሁ ኮከቡ ሳይወጣ ይገባሉ፣ ከጠፋ በኋላ ይወጣሉ።

ሲወጡ ሩጫ በቀረው እርምጃ መጡ።

«እህ?»

«ጉም ነው አባ። እኔም አላየሁም።»

እንደማፈር ብለው ፈገግ አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ብቻቸውን አልቀሩማ።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት

ጠርቷል! ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ሣሩ አመዳይ ለብሷል። ካሜራውን አጥሩ ላይ አስጠግቼ ወደ ምሥራቅ አነጣጥሬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የታየኝ ጭረት የመሰለ ነገር ነው። ቀስ እያለ ከቆላው ጭጋግ ወጣ፤ ራሱ ወደ ታች፣ ጅራቱ ወደ ላይ፣ ከጥጥ ባዘቶ የተሳበ ፈትል ይመስላል። የካሜራውን ዐይን አሥር አሥር ሰከንድ እየከፈትኩ አነሣሁ፣ አነሣሁ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ አነሣሁ። ከኋላዬ የቄስ ገበየሁ ድምፅ ይሰማል። በመካከላችን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ገብቼ እጃቸውን ይዤ ላወጣቸው ቃጣኝ።

ሲወጡ ሰማዩ ነጭ ሆኗል። እጃቸውን ከግንባራቸው አድርገው ምሥራቁን ፈለጉ፣ ፈለጉ። ካሜራውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ትንሿን ስክሪን ወደ ፊታቸው አቀረቡ።

«የሷ ይኼ ነው?»

አዎ ማለት ምን ነበረበት? አልቻልኩም።

«አይደለም አባ። ያኛው ሌላ ነው፤ ደግሞም ይበልጣል። የሚመለሰው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።»

«እንግዲያ የሷን አላይም» አሉ። ካሜራውን መልሰውልኝ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ይሁን። ይኼንኑ በዐይኔ ልየው። በመስታወት ያየሁት ልቤ አይደርስም።»

«ታዲያ ነገ ደወሉን ትንሽ ቢያስቀድሙት?»

ተቆጡኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ሲቆጡ አላየኋቸውም።

«ደወሉ የኔ ነው? በሱ እማማ ድንቄ የስኳር መድኃኒቷን ትወስዳለች። በሱ መንገደኛ ለመኪና ይነሣል። በዚህ ዘመን ደግሞ ያለ ሰዓቱ ሲደወል ሰው የሚመስለውን አንቺ ታጪዋለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ የገብስ ማሳቸውን ሲዞሩ ዋሉ። እኔም ልናገር፣ ልተው ስል መሸ።

ዓርብ፣ ከሌሊቱ ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ

ደወሉ ሲጮኽ ስልኬን አየሁ። ሩብ ጉዳይ ለአሥር! ስልኬ ተሳስቶ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ የቄስ ገበየሁ መደብ ባዶ ነው። ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

ደጀ ሰላሙ ስደርስ የሰፈሩ ሰዎች ቀድመውኛል። አንዱ ዱላ ይዟል፣ አንዱ አሮጌ ጠብመንጃ፣ አንዲት ሴት በባዶ እጇ ነጠላዋን ሳታጣፋ መጥታለች። የባትሪው ብርሃን ወዲህ ወዲያ ይወረወራል።

«እሳት ነው?»

«ሌባ ገባ?»

«ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?»

ዲያቆኑ በር ላይ ብቅ ብሎ «ምንም የለም፣ ኪዳን ነው፣ ጸልዩ» አለና ተመልሶ ገባ። ጸሎት ነው ከተባለ ማን ይሄዳል? ሕዝቡ እያጉረመረመም ቢሆን ቆመ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ልቡ ወድቆ የመጣው እኔ ባመጣሁት ሐሳብ ነው።

11 ሰዓት አለፍ እንዳለ ቄስ ገበየሁ ወጡ። መስቀላቸውን እንደያዙ ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«አባ ይፍቱን፤ ምን ተገኘ?» አሉ ዱላ የያዙት ሽማግሌ።

«ምንም አልተገኘ። ደወሉን ያስቀደምሁት ለገዛ ጉዳዬ ነው። ያንን ኮከብ ልይ ብዬ ነው። አስደነገጥኋችሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ቄስ ገበየሁ እጃቸውን ወደ ገደሉ ዘረጉ፤ ሁሉም ዞረ። ቆሟል። ከትናንቱ ዝቅ ያለ፣ ግን ጅራቱ ረዝሞ።

«አባ፣ ክፉ ምልክት ነው ሲባል…» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«እኔም እንደዚያ ስል ነበር» አሏት።

እኔ ካሜራዬን ከፈትኩ፤ ግን ያ ሁሉ ባትሪ ባለበት ምን ይወጣል? ያነሣሁት በሙሉ በብርሃኑ ነጥቶ የአጥር እንጨት ብቻ ነው ያለበት። ተውኩትና አጠገባቸው ሄድኩ። ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አንጋጠዋል።

«ደብሪቱን ተይው፣ ግቢ ያልኋት እንዲህ ያለውን ነው?» አሉኝ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

አክስቴ ይቅር ትበለኝ።

«አልገባችም እኮ አባ።»

ዞር አሉ።

«እርስዎ ሲሄዱ እኔን ትቀሰቅሰኝ ነበር። ከክምሩ ጀርባ ሆነን እናየዋለን። አደራ ስላለችኝ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«እስኪጠፋ ድረስ። በየቀኑ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አማተቡ። ከዚያ «ተመስገን» አሉ፤ ደግመው «ተመስገን»። ሰማዩ እስኪነጣ ድረስ ዐይናቸውን ከዚያ አላነሡም።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሞላሌ

ሊሸኙኝ መጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሲራመዱ በሆዴ አዝነውብኛል እያልኩ ነበር። ቅጥቅጡ ሞተር አስነሥቶ መስኮት ዳር ስቀመጥ ግን ወደ መስታወቱ ተጠጉ።

«ምን ትል ነበር?»

«ብዙ አታወራም። ዝም ብላ ታያለች።»

«ስለ እኔ ክፉ ታነሣ ነበር?»

«አንድ ቀን ‹ቄሱ ቢያዩት ደስ ባላቸው› ብላለች።»

ረዳቱ «ሳበው!» አለ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር መስኮቱን በእጃቸው እንደያዙ ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ፤ ጃንጥላቸው ወደቀ፣ አላነሡትም።

«ብርዱስ? የዚያን ሰዓት ብርድ አውቀዋለሁ፤ ብርድ አልመታትም?»

መኪናው ፈጠነ፤ እጃቸው ተለቀቀ። አንገቴን አውጥቼ ጮህኩ።

«እርስዎ የተነሡበትን የሱፍ ባና ተከናንባ ነበር! ገና ሙቀትዎ አልወጣለትም ነበር!»

መንገዱ መሐል ቆሙ። እስክንታጠፍ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።