ጋረደውን የማያስተኛው ሲዲ

ሰው ስለ ዘፈን ሲከራከር ሁሉም ዳኛ ነው። ጋረደው ግን ስለ ዘፈን ማንንም አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስነዳ እንዳልተኛ ተዉኝ።» ይችን የሚሰማ ጠፋ።

ጋረደው በሰባ ሰባቱ ድርቅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ድንበር ወደ ሱዳን የተሻገረ፣ በመጠለያ ያደገ፣ ጢሙ ሳይበቅል ፋሽጋ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር የጨበጠ ሰው ነው። ትራክተር ላይ በኖረበት ዘመን አንድም ቀን አላንቀላፋም። እንዴት ብሎ ያንቀላፋል? ሞተሩ ጆሮው ሥር ያጓራል፤ የተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ወገቡን ይነቀንቀዋል፤ አቧራው ዐይኑ ውስጥ ይሞጀራል። ኋላ ሐጂ ጀማሉ የሚባሉ ባለሀብት ሀፍላ፣ ማለትም ትንሽ አውቶቡስ፣ ሰጥተውት ከገላባት ገዳሪፍ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ያኔም መንገዱ ኮረኮንች ስለነበረ ደኅና ነበር። ጉዱ የመጣው አስፋልቱ ሲነጠፍ ነው። አገሩ ሁሉ እልል አለ። ጋረደው ግን መንገድ ላይ ባለችው ከተማ፣ ዶካ፣ ፉሉን በልቶ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ጎማው ሥር ምንም የሚንገጫገጭ ነገር ሲያጣ፣ ዐይኑ በራሱ ጊዜ ይከደን ጀመር።

ሎሚ መጠጠ። የሱዳኑን ትንባሆ፣ ቶንባክን፣ ከንፈሩ ሥር ወሸቀ። ራሱን በጥፊ መታ። አልሆነም። አንድ ቀን ጭልጥ ብሎ ተኛና ሀፍላዋ ማሽላ ማሳ ውስጥ ገብታ ቆመች። እግዜር አውጥቷቸው የተጎዳ ሰው የለም። ጋረደው ወርዶ፣ «ተኝቼ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አለ።

ማን ይመነው! «ሾፌር እየነዳ ይተኛል እንዴ? አንድ ነገር መንገድ አቋርጦበት ነው እንጂ» አሉ። አንዱ ጅብ ነው አለ፤ ሌላው ጂኒ ነው አለ። ገዳሪፍ ሲደርሱ ጋረደው ተሳፋሪዎቹን ከጂኒ ያዳነ ጀግና ሆኖ ቁጭ አለ። እውነት ተናግሮ ውሸታም መባል ያናድዳል፤ እውነት ተናግሮ ጀግና መባል ግን ያሳብዳል። የሰማው የለማ!

ከዚያ በኋላ ነው ገዳሪፍ ገበያ ያገለገለ ቴፕ የገዛው። ሆዱ ውስጥ ስሙ የተፋቀ ሲዲ ተገኘበት። ቁልፉን ቢጫነው መጀመሪያ ደወል ደወለ። ቀጥሎ እንደ ማኅሌት የረዘመ የብዙ ሰው ዜማ መጣ። ዜማው ሳያልቅ ብረት በብረት ላይ ወረደ፤ መዶሻ፣ መጋዝ፣ የሚያጓራ ጊታር። አንድ ወንድ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ከላዩ አንዲት ሴት ቀጭን ድምፅ አውጥታ ታዜማለች። ጋረደው ዐይኑ ፈጠጠ። ትራክተሩ ተመልሶ መጣለት! በዚያ ቀን ከዶካ ገዳሪፍ ሳያዛጋ ገባ።

ወደደው ወይ? ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ማን ይወዳል። መድኃኒትም እኮ ይመራል።

ተሳፋሪው ግን ነገሩን ያዘው።

«ይኼማ ዘፈን አይደለም፤ ማላገጥ ነው» አለ መልአኩ የሚባል ተሳፋሪ። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር ቆላ የሚወርድ ዲያቆን ነው። «ደወሉን ሰማችሁ? ለቅዳሴ የጠራችሁ ያስመስልና እንደ በሬ ያጓራባችኋል። ቤተ መቅደስ ገብቶ ዕቃ የሚሰብር ሰይጣን ነው!»

«አንተ ደግሞ!» አለች እናትነሽ። ከመተማ ነጠላ እያመጣች የምትነግድ ሴት ናት፤ ፊት ወንበር ላይ ከሷ በቀር የሚቀመጥ የለም። «ሴትዮዋን አትሰማትም? አራተኛው ዘፈን ላይ ያ ሁሉ ብረት ሲወርድባት ድምጿን ዝቅ አታደርግም። ልጅ የሞተባት ናት።»

«ቋንቋውን ሳታውቂ?»

«ጎረቤቴ በትግርኛ ስታለቅስ አስተርጓሚ ጠርቼ ነው አብሬ የማለቅስ?»

ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገው ሞባይል ጠጋኙ እስማኤል ከኋላ ሳቀ። «ያ ዙል፣ ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሁለታችሁም አልገባችሁም። ወላሂ ነገሩ ጊታሩ ላይ ነው። ከበሮውም ሰው አይመታውም፤ ማሽን ነው። ያበላሸችው ሴትዮዋ ናት። እሷን ቢያወጧት ታማም፣ እንከን የለውም!»

«አንተን ያውጣህ!» አለች እናትነሽ።

«እኔ ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ቀበቶው ሊበጠስ ሲል እንዲህ ነው የሚለው። አጥፉት።»

«ወገኖቼ፣ እኔ እንቅልፌን እንዲያባርርልኝ ነው የከፈትሁት» አለ ጋረደው በመስታወቱ እያያቸው።

«እሱስ ይሁን» አለ እስማኤል፣ «ግን ስድስተኛው አልረዘመም?»

እስኪ አሁን ይኼ ምን ይባላል? የሰውየው እጅ ላይ ነፍሳቸው አለች፤ እነሱ ስድስተኛው ይርዘም ይጠር ይመዝናሉ! የእያንዳንዱን ዘፈን ተራ ቁጥር በቃላቸው ይዘዋል፤ ማሽላው ውስጥ የገቡበትን ቀን ግን ረስተውታል። መልአኩ ይባስ ብሎ ሐጂ ጀማሉ ዘንድ ሄዶ ከሰሰ።

ሐጂ ጋረደውን አስጠሩት። «ደንበኛ እያሸሽህብኝ ነው። ወይ ሲዲውን ተው፣ ወይ ቁልፉን አምጣ።»

«ሐጂ፣ እተኛለሁ።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን የነዳህ ሰው! አትቀልድብኝ ልጄ። እንካ፣ ይኼን ክፈትላቸው» ብለው ልብ የሚያባባ የዑድ፣ ማለትም የዐረብ ክራር፣ ዘፈን ሰጡት።

በማግስቱ ዶካን አልፈው ዑዱ ተከፈተ። «አሁን ዘፈን መጣ!» አለ መልአኩ። እስማኤል መስኮቱን ተደግፎ ተኛ። ሽማግሌው አንኮራፉ። ዑዱ እሹሩሩ ይላል፤ አስፋልቱ እሹሩሩ ይላል። ጋረደው ከንፈሩን ነከሰ። መሐል መንገድ ላይ ያለው ነጭ መስመር ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ።

ያነቃው የሎሪ ጥሩምባ ነው። ማሽላ የጫነ ሎሪ ፊት ለፊት ተደቅኖ ነበር። መሪውን ጠምዝዞ ለጥቂት አለፈው፤ ዳር ይዞ ቆመ። ቁልፉን ነቀለ። ሰሌኑን አውጥቶ ሀፍላዋ ጥላ ሥር አነጠፈው።

«ያ ኡስታ፣ አንተ ሾፌር፣ ምን ልትሆን ነው?» አለ እስማኤል ዐይኑን እያሸ።

«ልተኛ።»

«እዚህ?»

«ከእናንተ ጋር ጀሐነም ልግባልህ?»

ሁሉም ግር ብሎ ወረደ። «በቃ ያንን ሲዲ ክፈተው!» አለ እስማኤል።

«ሐጂ ከልክለውኛል። ከናንተ መሐል ማነው ለሐጂ የሚነግርልኝ? ‹እውነቱን ነው፣ ይተኛል፤ በዐይናችን አየነው› የሚል ማነው?»

አፋቸው ስለ ጊታር ሲሆን እንደዚያ የሚንጣጣ ሰዎች፣ አንድ ቃል ለባለሀብት ተናገሩ ሲባሉ መሬት መሬት አዩ። መልአኩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለመክፈቱስ… ደወሉን ዘሎ ቢከፍተው…»

«ሴትዮዋንም ቢዘላት» አለ እስማኤል።

«ሴትዮዋን የሚነካ ከኔ ይጀምር!» አለች እናትነሽ።

«ኡፍ!» አለ ጋረደው። ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ። «መጀመሪያ ተስማሙ፤ ከዚያ ትቀሰቅሱኛላችሁ።» ወዲያው ጭልጥ አለ።

ስልኩ ራስጌው ላይ ጮኸ። አልሰማውም። እናትነሽ አጎንብሳ ብታይ ሐጂ ናቸው። ሌሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እጁን የሚዘረጋ አልነበረም። አነሣችው።

«ሐጂ፣ ሾፌርዎ ተኝቷል… አዎ፣ መንገድ ላይ። መሪው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የተኛው፤ አምላክዎን ያመስግኑ! ከጥቂት ቀደም ብሎማ መሪው ላይ ነበር፤ ሎሪ ሊበላን ነበር… ማን ነው ያለ? እኔ ነኝ ያልሁ፤ እናትነሽ! ሲነቃ ያንን ሲዲ ይከፍታል። አይሆንም ካሉ መጥተው ራስዎ ይንዱን።»

ሐጂ ምን እንዳሉ አልተሰማም፤ ረጅም ነገር ግን ተናገሩ። እናትነሽ ስልኩን ዘግታ ሰሌኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ጥላው ሥር ተቀመጠች።

«ሐጂ ምን አሉ?» አለ መልአኩ።

«ያስቡበታል።»

«ስለ ደወሉስ ነገርሻቸው?»

እናትነሽ ጫማዋን አወለቀች። መልአኩ ሮጠ። ጋረደው ያንኮራፋል።