መልሕቅ ያለበት ሽጉጥ

አባቴ ያንን አሮጌ ሽጉጥ ሳይታጠቅ ሠርግ ሄዶ አያውቅም። ሽጉጡ መተኮስ ካቆመ ዘመናት አልፈዋል። በጎኑ ከቀበቶ የሚንጠለጠልበት ረጅም ብረት አለው፤ የእጀታው ጫፍ ናስ ሲሆን፣ ናሱ ላይ ከላይ ቀለበት፣ ከታች በሁለት ወገን የታጠፈ መንጠቆ ተቀርጿል። አባቴ መስቀል ነው ይላል። ቅድመ አያቱ ከአንድ መስፍን እጅ የተሸለሙት ነው እየተባለ አድጓል፤ በመንደራችንም ይህን የሚጠራጠር አልነበረም። ዳስ ሲገባ ሰው ይነሳለታል፤ ከቄሱ ቀጥሎ ያለው ቦታ የእሱ ነው። እኔም የባለ ሽጉጡ ልጅ ስባል ደስ ይለኝ ነበር።

አስተማሪ ሆኜ ወረታ ከገባሁ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ አባቴ የተበላሸ የውኃ ፓምፑን በባጃጅ ጭኖ መጣ። እኔ ዘንድ አድሮ በማግስቱ ይፋግ ሠርግ ስለሚሄድ ሽጉጡን ታጥቋል። በደብረ ታቦር መንገድ ዳር ፓምፕ ወደሚጠግኑ ሽማግሌ ወሰድኩት። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ የየት አገር ሰው እንደሆኑ እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም። ፓምፑን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው አባቴ ወገብ ላይ ቀረ።

«ይሄን ከየት አገኙት?»

«የአያቶቼ ሽልማት ነው» አለ አባቴ፤ ፈቶም ሰጣቸው።

ናሱን በአውራ ጣታቸው አሹት። «መልሕቅ ነው፤ መርከብ ማቆሚያ። እኔ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ የመርከብ ሞተረኛ። ምጽዋ ስንማር እንዲህ ያለ ሽጉጥ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበር።»

የአባቴ ፊት በራ። «የመርከብ አዛዥ ነዋ የሚይዘው!»

ሽማግሌው አመነቱ። «አይደለም፣ ጌታዬ። አዛዦቹ ያጌጠ የራሳቸው አላቸው። ይሄ የተራ መርከበኛ ነው። ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ውጊያ ሲመጣ ይታደላል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። የእኔ ነው የሚለው የለም።»

አባቴ እጁን ለሽጉጡ ዘረጋ። እኔ በሰውዬው ተናደድኩ፤ ምናለ ቢተዉት? እሳቸው ግን ሽጉጡን እንደያዙ ቆዩ። «እኛም ስንበተን እንዲሁ አስረከብን። መሣሪያዬንም ማዕረጌንም በአንድ ቀን። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ባሕር ላይ ኖሬያለሁ ብዬ ለሰው አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል?»

ማታ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ይሄን ለማንም መንገር የለብዎትም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ተማሪዎችሽንም እንዲህ ነው የምታስተምሪያቸው?»

አፈርኩ።

ጠዋት ሽማግሌውን አስጠርቶ ሦስታችንም ይፋግ ሄድን። ዳስ ስንገባ ሰው ተነሳለት። አባቴ ግን ቦታው ላይ ሽማግሌውን አስቀመጠና ሽጉጡን ፈታ።

«እኚህ ሰው የዚህን መሣሪያ ነገር ያውቁታል» አለ። «መስቀል ያልኳችሁ መርከብ ማቆሚያ ነው። የተራ ወታደር ነው፤ ሽልማት መሆኑንም እንጃ።»

የሙሽራው አጎት «ታዲያ የትም የወደቀ ነዋ!» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። ደግነቱ አንዲት አሮጊት ወደ እንግዳው ዞር ብለው፣ «ባሕሩ ከጣናችን ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው መናገር ጀመሩ፤ ዳርቻ ስለሌለው ውኃ፣ ከመርከብ ሆድ ውስጥ ስላለው ሙቀት። ሰው እየተጠጋ መጣ፤ ወጡ ቀዘቀዘ። ሽማግሌውን ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተወዳጅተዋል፤ በዓል ሲመጣ ይጠያየቃሉ፤ አንድ ጊዜም ዋንዛዬ ፍል ውኃ አብረው ከርመዋል። አባቴ ዛሬም ሽጉጡን ይታጠቃል፤ ለጠየቀው ሁሉ ከመርከቡ ጀምሮ ይነግራል።

«እንደ በፊቱ አይነሱልኝም» አለኝ ባለፈው፣ ከአንድ ሠርግ ሲመለስ።

«ይቆጭዎታል?»

«አንዳንዴ» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።