በጣሳ የተተከለው ቀጋ

ባለፈው ቅዳሜ ተከራዬ ሃያት ስልኳን እንደያዘች ሳሎን ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና ግድግዳ ላይ የሚወጣ ጽጌረዳ በዓይነት በዓይነቱ ታሳየኝ ጀመር። ሃያት ከደሴ ተመድባ ሞጣ የመጣች ፋርማሲስት ናት። የምትኖርበት ክፍል ጀርባው ከጎረቤታችን ባለሦስት ፎቅ ሕንፃ ጋር ስለተፋጠጠ ግድግዳው ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቀለም ብንቀባው ይላጣል፣ ብንለስነው ይሰነጠቃል። እሷ ግን ወጣት ናትና ተስፋ አልቆረጠችም። "እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ ቀዩ ፀሐይ ይፈልጋል ይላል፤ ነጩ ግን ጥላ ይችላል። የቱ ይሻላል?" አለችኝ። መልሱን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ "የፈለግሽውን ምረጪ፤ ብቻ በጣሳ ይሁን፣ መሬት ላይ እንዳትተክዪ።"

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን "እሺ" ብላ ወጣች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። የተናገርኩት በራሴ አንደበት ነው፣ ቃሉና ቃናው ግን የእናቴ ነበር፤ ያን ቃል ስጠላው ኖሬ ኖሬ በገዛ ቤቴ፣ ለሰው ልጅ፣ ያውም ለእንግዳ ልጅ ተናገርኩት። እስካሁንም አላነሣሁትም።

ቢቸና ውስጥ ያደግሁበት ቤት ፊቱ ሌላ፣ ጀርባው ሌላ ነበር። በፊት በኩል ጠዋት ፀሐይ እስከ መደቡ ድረስ ትገባለች፤ እንግዳ የሚቀመጠውም፣ በርበሬ የሚሰጣውም፣ ድመቷ የምትተኛውም እዚያ ነው። የጓሮው ግድግዳ ግን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነበር፤ ጭቃው አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ፣ ጭዱ ከውስጡ ገጦ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የበሰበሰ ገለባ የሚሸት፣ ዶሮ እንኳ አጠገቡ የማይጭርበት ግድግዳ። እናቴ ሰው ወደዚያ ሲዞር ታፍራለች። ከግድግዳው ወዲህ ያለችው ክፍል አባቴ መሪጌታ ከሞተ በኋላ ባዶዋን ነበረች፤ አንድ ቀን ታጠበች፣ ተለሰነች፣ አልጋ ገባባትና ሲስተር አስቴር ተከራየቻት።

ሲስተር ከይርጋለም ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ያኔ ነርስ ሁሉ "ሲስተር" ይባል ስለነበር ስሟን ከእኔና ከእናቴ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ረቡዕና ዓርብ እንደማትጾም ጎረቤት ለእናቴ ሹክ ሲላት፣ "እሷና ፈጣሪዋ ይወቁት" ብላ አፉን አስይዛዋለች። ይህን ያህል ሰፊ የነበረችው እናቴ በአንድ ነገር ብቻ ጠባብ ነበረች። ቁልፉን ስታስረክባት፣ "ልጄ፣ ከመሬት ላይ አንዳች ነገር እንዳትተክዪብኝ። የግድ ካሻሽ በጣሳ" አለቻት።

ይህ ክፋት አልነበረም። አባቴ በሕይወት ሳለ ታናሽ ወንድሙ አያ ሞላ በግቢያችን ዳር አንድ ረድፍ ጌሾ እንዲተክል ፈቅዶለት ነበር፤ ወንድም ወንድሙን መቼ ይጠረጥራል። አባቴ በሞተ በዓመቱ አያ ሞላ ጌሾው የቆመበት መሬት የእኔ ነው አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ሲያወሩ ቆይተው በመጨረሻ እናቴን የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ጌሾውን ማን ተከለው?" እናቴ መዋሸት አልሆነላትም። በዚያች መልስ ግቢያችን በአሥር እርምጃ ጠበበ። እኔም ከእናቴ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ አንድ ሕግ ተማርኩ፤ የተከለ ባለቤት ነው፣ ባለቤትን ደግሞ ከቦታው የሚያነሣው የለም። ከዚያ ወዲያ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ እናቴ የሰው ልጅ ዶማ ይዞ ካየች ልቧ ይመታል።

ሲስተር ቃሏን አክብራ ከጤና ጣቢያ የዘይት ቆርቆሮና የዱቄት ወተት ጣሳ እየሰበሰበች፣ ያን የሚያሳፍር ግድግዳ አበባ ላልብሰው ብላ ተነሣች። አባቷ አትክልተኛ ነበርና እጇ አፈር ያውቃል። በመጀመሪያ ከቤተ ክህነቱ ግቢ ቀይ ጽጌረዳ ቆርጣ አመጣች፤ ቀዩ ፀሐይ ፍለጋ አንገቱን እንደ ሰጎን አስረዝሞ አንዲት እምቡጥ ሳያሳይ ከረመ። ቀጥሎ የሞከረችው ቢጫ ጽጌረዳ፣ ቅጠሉ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ተነዛበትና ሞተ። ሮዝማውን ከደብረ ማርቆስ በመኪና አስመጥታው ለሦስት ወር እንደ ሕመምተኛ አስታመመችው፤ እሱም አልዳነም። ሠፈሩ ይስቅባት ጀመር። በሽተኛ እያዳነች አበባ ትገድላለች አሉ።

አንድ ቀን ለክትባት ገጠር ውላ ስትመለስ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችው ነገር ይዛ መጣች። ፈትታ ስታሳየን እኔ በሳቅ ወደቅሁ፤ ቀጋ ነበር። ቀጋ እኛ አገር አጥር ነው፤ ከብት እንዳያልፍ፣ ወሰን እንዲታወቅ የሚተከል እሾህ ነው፣ ፍሬውን እረኛ ይለቅመዋል፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያወጣው ጤነኛ የለም። ሲስተር ግን "ይሄ'ኮ ጽጌረዳ ነው፤ የእናንተው ጽጌረዳ። ከጫካ ጥግ ጥላ ውስጥ ቆሞ ሲያብብ አይቼዋለሁ" አለችን። የዘይት ቆርቆሮውን ቂጥ ውኃ እንዲያሳልፍ በምስማር በሳሳችው፣ አፈርና ፍግ ሞላችበት፣ ግድግዳው ሥር አስደግፋ አስቀመጠችው።

በሁለተኛው ዓመት ቀጋው ጣራ ደረሰ። ክረምቱ ወጥቶ ነጭ በነጭ ሲሆን ያ ሽበታም ግድግዳ የት እንደገባ ጠፋ፤ ሽታው ቀለል ያለ ነበር፣ ሲፈልጉት የሚሸሽ፣ ሲተዉት አፍንጫ ሥር የሚመጣ። ንቡ ከማለዳ ጀምሮ ይጮኻል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በርጩማዋን ይዛ ወደ ጓሮ መዞር አመጣች፤ እንግዳ ሲመጣም "እስቲ በዚህ በኩል" ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ ጓሮው ቤቴ ሆነ። ቅርንጫፉን በገመድ ስናስር ጣቴን እሾህ በወጋኝ ቁጥር ሲስተር በመርፌ አውጥታ ጂቪ የሚሉትን ሐምራዊ መድኃኒት ትቀባኛለች፤ በሐምራዊ ጣቶቼ ትምህርት ቤት ስኩራራ ልጆቹ በቅናት ያልቃሉ። አባት የለኝም፣ እህት የለኝም፣ እናቴ ሐዘኗን ይዛ ዝምተኛ ነበረች። በዚያ ግቢ ውስጥ "ትርንጎ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲስተር ብቻ ነበረች። እወዳት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰው እንደዚያ የወደድሁ አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ ሥሩን ልጠርግ ብዬ ቆርቆሮውን ባነሣው ባነሣው እምቢ አለኝ። ቂጡ ዝጎ አልቆ፣ ሥሩ በዚያ ሾልኮ መሬት ይዞ ኖሯል። ሲስተር መጥታ በርከክ አለችና ሥሩን በጣቷ ዳበሰችው። "አሁን ብነቅለው ይሞታል" አለች፤ ቀጥላም፣ "ለእናትሽ እኔው ቀን አይቼ እነግራታለሁ። እስከዚያ የእኔና ያንቺ ይሁን።" ምሥጢር የተሰጠኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ወራት ጠበቅሁት።

ከዚያ ቁልፍ ላደርስላት ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን ዘበኛው፣ "ሲስተርሽ'ኮ ዝውውር መጣላት፤ አገሯ ልትገባ ነው" አለኝ። እንዴት ቤት እንደደረስሁ አላስታውስም። ለማንም አልተናገርኩም፣ እሷንም አልጠየቅኋት፤ ብጠይቃት "አዎ" ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ይዞታችንን ሊለኩ መጡ። መሬት ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ የሚነዛበት ጊዜ ስለነበር እናቴ ከማለዳ ጀምሮ ለብሳ ትጠብቃቸው ነበር፤ ያቺን የቀረችውን መሬት በስሟ አስጽፋ ካርድ ብትይዝ አያ ሞላን ሁለተኛ አትፈራውም። አያ ሞላም አዋሳኝ ነውና እማኝ ሆኖ ቆሟል። ለክተው ሲጨርሱ መዝገብ የያዘው ሰውዬ፣ "በዚህ ይዞታ ውስጥ የሌላ ሰው ቤት ወይም ተክል አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"የለም ጌታዬ" አለች እናቴ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ሽማግሌዎቹ ትዝ አሉኝ። የተከለ ባለቤት ነው፣ ባለቤትን የሚያነሣው የለም። ሲስተር እንደተከለች መዝገብ ላይ ከተጻፈ ዝውውሩም ሊወስዳት አይችልም፤ እኛው ጋ ትቀራለች። ይህን ያሰብኩት በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ነው፣ ብልሃት መስሎኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። "አለ!" ብዬ ጮኽኩ። "ቀጋው የሲስተር ነው! እሷ ናት የተከለችው! ቆርቆሮው ቂጥ የለውም፣ ሥሩ መሬት ይዟል!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁሉም ወደ ጓሮ ዞሩ። አያ ሞላ ቆርቆሮውን በእግሩ ገፋ አድርጎ እንደማይነቃነቅ አሳያቸው። "ሕፃን አይዋሽም" አለ። "ቀጋ ደግሞ ወሰን ነው እንጂ አበባ አይደለም። የእኔ ጌሾ የተፈረደልኝ በምን ሆነና ነው?" ለሲስተር አዝኖ አልነበረም፤ ይዞታው አከራካሪ ተብሎ ከተጻፈ እሱም የራሱን ጥያቄ ሊጨምርበት ነው። ባለመዝገቡ ብዕሩን ከደነ። "እመቤት፣ ነገ ጠዋት እንመለሳለን። ያኔም ተክሉ እዚሁ ካለ አከራካሪ ብዬ ነው የምጽፈው" ብሎ ሄደ።

እናቴ አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ መጥረቢያና ዶማ አመጣች። ቀጋ በዋዛ የሚለቅ ተክል አይደለም፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ደም በደም ሆነ፣ ግድግዳው ልስኑ ከእሾሁ ጋር እየተገነጠለ ወደቀ፣ ነጩ አበባ ከጭቃ ጋር ተረገጠ። እያለቀሰች ነበር የምትቆርጠው። እኔ "ተይው፣ ተይው" እያልኩ ቀሚሷን ይዤ ስጎተት፣ ያበላሸሁት ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ጓሮው ውስጥ የቀረው ጉድጓድና ያ ቂጥ የለሽ ቆርቆሮ ነበር። ቆማ አየች። "እትዬ፣ እኔ'ኮ መሬትዎን አልፈለግሁትም" አለች በቀስታ፤ "ግድግዳውን ነው የፈለግሁት።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለች እናቴ። "እኔ ባውቅ ምን ይረባል? መዝገቡ አያውቅም።"

ማን እንደተናገረ ሲስተር አልጠየቀችም። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያም እናቴን እጇን ይዛ አስቀምጣ እሾሁን አንድ በአንድ አወጣችላት። በወሩ ዕቃዋን ጫነች። በር ላይ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠችኝና "በርቺ ትርንጎ" አለችኝ፤ ሁልጊዜ ግንባሬን ትስመኝ ነበር።

መሬቱ በእናቴ ስም ተጻፈ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ከአባቴ ዳዊት ጋር አኖረችው። ከብዙ ዓመት በኋላ መንገድ ሲሰፋ ጓሮውም፣ ክፍሏም፣ የአያ ሞላ ጌሾም አብረው ፈረሱ፤ ዛሬ እዚያ ቦታ ባጃጅ ይቆማል። ሲስተር በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም።

ያም ሆኖ ለረጅም ዘመን ራሴን የማጽናናበት ነገር ነበረኝ፤ የዚያን ቀን ዝም ብል ኖሮም ዝውውሯ መጥቶ ነበርና መሄዷ አይቀርም እል ነበር። አግብቼ ሞጣ ከገባሁ በኋላ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሰፌድ ለሁለት ይዘን ምስር ስንለቅም፣ እንደዋዛ ሲስተርን አነሣቻት። "ምስኪን" አለች። "ያኔ'ኮ አገርሽ ግቢ ተብሎ ደብዳቤ ሲመጣላት፣ 'አልሄድም፣ እዚሁ ልቆይ' ብላ ማመልከቻ ጽፋ ነበር። ለእኔ አንብባልኛለች። አንቺንም ሁለተኛ ደረጃ እስክትገቢ ላስተምራት ብላኝ ነበር። ያ ቀጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው ማመልከቻውን የሳበችው።"

ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ እዚያው ትኖር ነበር። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ አቀርቅሬ ለቀማዬን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይታ እጄን ያዘችኝና፣ "ምነው ልጄ፣ ጠጠሩን መልሰሽ ከምስሩ ጨመርሽው'ኮ" አለችኝ።