ቁልቁለት በፎሌ

ሾፌሮቹ «ጠብታ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ገና በወጣትነቱ ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ ቀጂው የመቅጃ ጎማውን ከመኪናው ነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ ከሰልቫትዮው አፍ ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘና «ቆይ እንጂ፣ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ አለች» አለው። ሌላ ሰው በዚህ ስም ይቀየም ነበር፤ እሱ ግን ወደደው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ተራራው ላይ ያለውን ሆስፒታል ሠራተኞች በሚኒባስ ሲያመላልስ፣ ከስምንቱ ሾፌሮች ሁሉ ትንሽ ቤንዚን የሚበላው የእሱ መኪና ነበር። ለዚህም ሦስት ጊዜ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ሦስቱንም በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶ ከፍ አድርጎ ሰቅሏቸዋል። ሚስቱ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም፤ ምን ብላ ታነሳዋለች?

ጥበቡ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከሆስፒታሉ በር እስከ ከተማው መግቢያ ሰባት ኪሎ ሜትር ሙሉ ቁልቁለት ነው። ጠብታ ከበሩ እንደወጣ ማርሹን ነቅሎ፣ ሾፌሮች ፎሌ የሚሉት ባዶ ቦታ ላይ ይጥለውና መኪናውን በገዛ ክብደቱ ይለቀዋል። ሞተሩ ያንቀላፋል፣ ጎማው ይሮጣል፣ ቤንዚኑ ባለበት ይቀመጣል። የጋራዡ መካኒክ በየሁለት ወሩ የፍሬን ሸራ ሲቀይርለት «አንተ ሰውዬ፣ ፍሬን ነው እንዴ የምትበላው?» እያለ ይነጫነጭ ነበር። የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ግን በቤንዚን እንጂ በፍሬን ሸራ አልነበረምና ማንም ጆሮ አልሰጠውም።

ይህን ጥበብ ያስተማረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለወንድሙ ልጅ። ወንድሙ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የራሱ ልጅ አልነበረውምና ወስዶ አሳደጋት። መንጃ ፈቃድ እንድታወጣ የወተወታት እሱ ነው፤ ሆስፒታሉ እንዲቀጥራት የስምሪት ኃላፊውን ደጅ የጠናውም እሱ። ያንን ቁልቁለት ጋቢና ከጎኗ ተቀምጦ፣ እጁን እጇ ላይ ጭኖ «አሁን! አሁን ንቀይው!» እያለ ስንት ጊዜ አብሯት ወርዷል። ልጅቱ የምታውቀው አባት እሱ ነው፤ ስለ መኪና ደግሞ ከእሱ በላይ የምታምነው ሰው አልነበረም።

ሆስፒታሉ ስምንቱንም የቤንዚን ሚኒባሶች ሊሸጥ አሰልፎ ሰባት የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች ያስመጣው ባለፈው ዓመት ነው። የስምሪት ኃላፊው ሾፌሮቹን ሰብስቦ ሲያስረዳ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ለአንድ ቀን ቤንዚን በምናወጣው ገንዘብ እነዚህ ሳምንት ሙሉ ይሄዳሉ» አለ። «ዘይት ቅያሪ የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ። ጋራዥ ስለማይተኙ ሰባቱ የስምንቱን ሥራ ይሸፍናሉ።»

«ስምንተኛው ሾፌርስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

ኃላፊው ደንቡን አነበበላቸው። መኪኖቹ ማን እንደነዳቸው ለይተው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ምን ያህል መብራት እንደፈጁ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ዝርዝሩ በየሳምንቱ ይለጠፋል። በወሩ መጨረሻ በአማካይ ብዙ የፈጀው ሾፌር ይሰናበታል። ሾፌሮቹ ተያዩ። ጠብታ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ። በቁጠባ ከሆነማ ማን ሊደርስበት!

መኪኖቹን የሸጠው ድርጅት የላከው አሠልጣኝ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጠ። ጠብታ ግማሹን ጊዜ ደጅ ቆሞ፣ ለሽያጭ የተሰለፈውን አሮጌ ሚኒባሱን ሲያይ አሳለፈው። ተመልሶ ሲቀመጥ የወንድሙ ልጅ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አታስገቡ እያለ ነው። ማርሹን ሳትነኩ እግራችሁን ብቻ አንሱ፤ ያኔ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን ይሞላዋል ነው የሚለው።»

«ይሞላዋል?» አለ ጠብታ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልቁለት ስወርድ አንድ ቀን ነዳጅ ሲቀዳልኝ አላየሁም! ሰውዬው ሻጭ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ምን የማይለው አለ? መብራትም በይው ቤንዚን፣ ሞተር ካልሠራ አይበላም። አለቀ።»

ልጅቱ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝር ሲለጠፍ ስምንተኛ ጠብታ፣ ሰባተኛ የወንድሙ ልጅ ነበሩ። ሾፌሮቹ «ጠብታው ጎርፍ ሆነ!» እያሉ ተሳሳቁ። እሱ ቆጣሪው ይዋሻል አለ። በሁለተኛው ሳምንት ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪደርቅ አስነፋው፤ ልጅቱም አስነፋች። በሦስተኛው ማሞቂያውን አጠፋ፤ እሷም አጠፋች። ነርሶቹ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ወረዱ፤ ዝርዝሩ ግን ፍንክች አላለም። ሌሎቹ ስድስት ሾፌሮች አሠልጣኙ እንዳለው ነበር የሚነዱት። ለጠብታ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? በዚያ ላይ አንድ ሰው መሰናበቱ ካልቀረ፣ እነሱ አለመሆናቸው በቂያቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ምናልባት ያ ሰውዬ ያለውን ብንሞክረው...» አለችው አንድ ቀን።

«እኔን ነው ወይስ እሱን የምታምኚው?»

አጎቷን አመነች።

አራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ጠብታ ሌሊት ሲሠሩ ያደሩ ነርሶችን ጭኖ ከበሩ ሲወጣ፣ ከኋላው የተቀመጠችው ሲስተር ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኛ እኮ አትክልት አይደለንም በፍሪጅ የምታጓጉዘን! ማሞቂያውን ክፈተው!»

«ማሞቂያው መብራት ይበላል ሲስተር።»

«ይብላ! አንተን ካልበላህ ምን አስጨነቀህ?»

ጠብታ በነገር የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። እሱ ሲመልስ እሷ ስትመልስ፣ እሱ ሲጮህ እሷ ስትጮህ፣ ሰባቱ ኪሎ ሜትር አለቀ። ከተማው መግቢያ ላይ ነው ፎሌ ማስገባቱን መርሳቱ ትዝ ያለው። ክው ብሎ ስክሪኑን አየ። ከበሩ ሲወጣ ባትሪው ስልሳ አራት ፐርሰንት ነበር። አሁን ስልሳ ሰባት ይላል።

ሲስተር ወርዳ፣ ነርሶቹ ሁሉ ወርደው እሱ ቁጥሩ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። በሚቀጥለው ዙር በፎሌ ወረደ፤ ቁጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ማርሹን ሳይነካ ወረደ፤ በሦስት ጨመረ። ቁልቁለቱ ይቀዳል! ሠላሳ አንድ ዓመት የተኩራራበት እጁ፣ አሁን ቁልቁለቱ በነጻ የሚሰጠውን ሁሉ መንገድ ላይ ሲደፋ ነው የከረመው። 

ወዲያው ሊነግራት ሄደ፤ ይህን መካድ አይገባም። ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ገመዱን ስትሰካ አገኛት። በልቡ «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ» የሚለውን እያመላለሰ ነበር። እሷ ግን ስታየው ፊቷ በራ።

«ጋሼ! ዛሬ እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግሁት፤ ከላይ እስከ ታች በፎሌ። አንዴም አልረሳሁም።»

ሦስት ወይም አራት ሾፌሮች አጠገባቸው ቆመዋል። አንደኛው ፈገግ ብሎ ወደ ጠብታ ዞረ። 

«ጎበዝ» አላት ጠብታ።

ያላት ይህችኑ ብቻ ነው። ክፉ ሰው ነው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ክፉ ግን አይደለም። ማታ ቤት ስትመጣ እነግራታለሁ አለ፤ ማታ ስትመጣ ሚስቱ ሳሎን ነበረች፤ በሦስቱ የምስክር ወረቀቶች ሥር ተቀምጦ እንዴት ብሎ ይናገር? ማክሰኞ ነገ አለ። ረቡዕ ራሴን አመመኝ ብሎ ሸሻት። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ግን ቁልቁለቱን ሲወርድ እጁ ማርሹን አልነካም። የመናገር ጊዜ አጣ እንጂ የመቆጠብ ጊዜ አላጣም!

ዓርብ ቀትር ላይ የመጨረሻው ዝርዝር ተለጠፈ። በሳምንቱ አንደኛ ጠብታ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡለት፤ ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ድሮም ባንተ እንተማመን ነበር፤ ለአዲሶቹ አንተ ነህ የምታስተምርልን» አለው። በወሩ አማካይ ሰባተኛ ሆኖ ተረፈ። ስምንተኛ የወንድሙ ልጅ።

ከሰዓት በኋላ የደንብ ልብሷንና መታወቂያዋን አስረክባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከእሱ ጋር ልትወርድ ጋቢና ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። 

«ጋሼ፣ እንዳያዝኑ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረን እርስዎ አንደኛ ወጡ፣ እኔ ወደቅሁ። እጄ ይዘገያል መሰለኝ። እስኪ ዛሬ ልይዎት፤ ሌላ ቦታ ብቀጠር ይጠቅመኛል።»

በሩን አለፉ። መንገዱ ወደ ታች አጎነበሰ። መሐላቸው ያለው ስክሪን ሃምሳ ስምንት ይላል። ፎሌ ካላስገባ ቁጥሩ ዓይኗ እያየ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ይላል። ልጅቱ ሞኝ አይደለችም፤ አንዲቷ ቁጥር ትበቃታለች። ጠብታ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሃያ ሜትር ያህል ሄደ።  ከዚያ ቀኝ እጁን አነሳና ፎሌ አስገባ።

መኪናው ያለ ድምፅ ወረደ። ልጅቱ ማርሽ ስትማር ታደርግ እንደነበረው አንገቷን አስግጋ እጁን ታያለች። ሰባቱ ኪሎ ሜትር እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም። ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ሃምሳ ስምንት ይላል።

«አዩ፣ ምንም አልበላም!» አለች።

ከቦርሳዋ ያችን ማስታወሻ ደብተር አወጣች። የሥልጠናውን ቀን ገጽ ገለጠችና፣ ከሰረዘችው መስመር ሥር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከበሩ እንደወጡ ወዲያው ነው አይደል ጋሼ፣ ፎሌ የሚያስገቡት?»

«ወዲያው» አላት።

ጻፈችው።